አፍንጫዬን ጎርሳ የምትቀበለኝ ልጅ፦ ሕፃናት ለወላጆቻቸው ፍቅራቸውን የሚገልጹባቸው አስቂኝ መንገዶች

የሚጡ እናት (አዲስ አበባ)

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ወላጆች? ልጄ 10ኛ ወሯን ይዛለች። ከወሊድ በኋላ በሕግ የተፈቀደልኝን 90 ቀን ጨርሼ ወደ ሥራ ከተመለስኩ ከግማሽ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የለመድኩትን፣ ነገር ግን እስካሁን በየቀኑ የሚያስቀኝን አንድ ነገር ላጫውታችሁ፤ የእናንተንም ልጠይቅ።

ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በሩን ስከፍት ልጄ ከሳሎኑ ጥግ በዳዴ እየገሰገሰች ትመጣና ቀሚሴን ይዛ ትንጠለጠላለች። አንስቼ ሳቅፋት ሁለቱን ጉንጮቼን ጥፍር አድርጋ ትይዝና አፏን የቻለችውን ያህል ከፍታ አፍንጫዬን ትጎርሰዋለች። «ትጎርሰዋለች» ያልኩት አጋንኜ አይደለም። ሁለቱ የታች ጥርሶቿ ከአፍንጫዬ ሥር፣ የላይ ድዷ ደግሞ ከአፍንጫዬ ዐጥንት ላይ ያርፉና ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ድረስ ይዛኝ ትቆያለች፤ ለሃጯም በአገጬ በኩል አንገቴ ድረስ ይወርዳል። ከዚያ ለቀቅ ታደርገኝና ፊቴን ትክ ብላ ታየዋለች፤ እኔ መሆኔን ስታረጋግጥ ከሆዷ ትስቅና እንደገና ትጀምራለች።

መጀመሪያ አካባቢ ርቧት ነው ብዬ ጡቴን ሰጠኋት። ጡቱን በእጇ ገፋ አድርጋ ወደ አፍንጫዬ ተመለሰች፤ ነገሩ ረሃብ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አባቷን እንዲህ አታደርገውም። ለእሱ የሚደርሰው ግንባሯን ከግንባሩ ጋር ማጋጨት ነው፤ እሱም ሲመታ «እሰይ» እያለ ድጋሚ እንድትመታው ራሱን ዝቅ ያደርግላታል። የሞግዚቷ ድርሻ ደግሞ ፀጉሯ ውስጥ ጣቶቿን ሰድዳ መተኛት ነው። ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን ሰላምታ መርጣ መስጠቷ እጅግ ይደንቀኛል።

ባለቤቴ «ይህን ነገር አሁኑኑ ጻፊው፤ ዓመት ሳይሞላ እንረሳዋለን» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ የእናንተ ልጆች ምን እንደሚያደርጉ ከነዕድሜያቸው ጻፉልኝ።


የበኩር አባት (ጎንደር)

እህቴ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። የእኔ ልጅ 14 ወሩ ነው፤ ፍቅሩን የሚገልጸው በጉርሻ ነው።

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ እናቱ የአልጫ ድንች አድቅቃ ሰጠችው። አንዷን ቁራሽ አፉ ውስጥ አስገብቶ ጥቂት አላመጣት፤ ከዚያ በሁለት ጣቱ አውጥቶ ወደ ብርሃን አዙሮ አያትና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። በዚያን ጊዜ ድንቿ ቅርጿ ጠፍቶ፣ ከለሃጩ ጋር ተለውሳ በጣቶቹ መካከል እየተንጠባጠበች ነበር። እኔ ወዲያው አፌን ስላልከፈትኩ የራሱን አፍ በሰፊው ከፍቶ «አም!» አለኝ። ይህ እኛ እሱን ስናጎርሰው ሳናውቀው የምናደርገው ነገር ነው፤ ልጁ ማጎረስ ማለት የራስን አፍ ከፍቶ የሌላውን መሙላት እንደሆነ ከእኛ ተምሮታል። ጎረስኩለት። ከንፈሬን በጣቱ ገለጥ አድርጎ መዋጤን ካረጋገጠ በኋላ ሁለተኛውን ማዘጋጀት ጀመረ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» መባሉን የነገረው ሰው ባይኖርም፣ በአንድ አቁሞ አያውቅም።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ሰው አጉርሶኛል፤ በሠርጌ ዕለት እንኳ የጎረስኩት ጉርሻ ያቺን የድንች ቁራሽ ያህል ልቤን አልነካውም። የሚወደውን ምግብ ከአፉ አውጥቶ የሚሰጥ ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለኝም።


ሁለት ጥርስ (የሕፃናት ነርስ)

በሙያዬ የሕፃናት ነርስ ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ሁለታችሁም የጻፋችሁት ነገር አፍን የሚመለከት ስለሆነ ጥቂት ላክል።

ሕፃን ልጅ ዓለምን መጀመሪያ የሚያውቀው በአፉ ነው። ከንፈርና ምላስ ስሜታቸው የጠነከረ ሲሆን፣ ልጁ ጣቶቹን በቅጡ ማዘዝ ከመቻሉ ከብዙ ወራት በፊት አፉን ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ የሚወደውን ነገር ሁሉ ወደ አፉ ቢወስድ፣ ከሚወደው ነገር ሁሉ በላይ የሆነውን የእናቱን ፊት ቢጎርስ ሊደንቀን አይገባም። በዚያ ላይ እኛ አዋቂዎች ስንስመው አፋችንን አስቀድመን ወደ ፊቱ እንደምንጠጋ ያያል፤ ይህንኑ መልሶ ሊያደርግልን ሲሞክር ግን ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ «ም» ማለት ለእሱ ገና ከባድ ነው። አፉን ይከፍታል፣ ይለጥፍብናል፣ እዚያው ይረሳዋል። የሚጡ እናት የምታየው ያ ነው፤ መሳም ነው።

ፊትን መምረጡም ምክንያት አለው። አዲስ የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ይህ ደግሞ ጡት እየጠባ ወደ ላይ ሲያይ በእሱና በእናቱ ፊት መካከል ያለው ርቀት ነው። ድምፅዋን ከማኅፀን ጀምሮ ያውቀዋል፤ የጡቷን ሽታም ሳምንት ሳይሞላው ከሌላ እናት ሽታ ይለያል። እኔ በአራስ ክፍል ስሠራ የማልጠግበው ነገር ቢኖር፣ ሲያለቅስ የቆየ ጨቅላ እናቱ ደረት ላይ ሲደረግ ዐይኑን ጨፍኖ እንኳ ራሱን እየወዘወዘ፣ አፍንጫውን እያሻሸ ወደ እርሷ መፈለጉ ነው።


ልብ እንበል (መቀሌ)

ደስ የሚል ውይይት ነው፤ ሆኖም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ልጅ የሚያደርገውን ሁሉ በፍቅር ከተረጎምን ሌላ ነገር እንዳያመልጠን እሰጋለሁ። የመጀመሪያ ልጄ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ጣቴን ጨምድዶ ይዞ አልለቅም ሲለኝ «አባቱን አወቀ» ብዬ ለዘመድ ሁሉ ደውዬ ነበር። በኋላ ሐኪሙ መዳፉን የነካውን ማንኛውንም ነገር እንደሚጨብጥ፣ በእርሳስም ቢሆን ይህንኑ እንደሚያደርግ አሳየኝ። በእንቅልፍ ውስጥ የምናየው የጨቅላ ፈገግታም እንደዚሁ ነው። ልጄ አፍንጫዬን ሲነክስ የነበረው ደግሞ ጥርስ ሲያበቅል ድዱ ስላሳከከው መሆኑን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። ልጅን መውደድ ማለት ያደረገውን ነገር በትክክል መረዳትም ይመስለኛል።


ሁለት ጥርስ (የሕፃናት ነርስ)

ወንድሜ፣ ስለ ጭብጡም ስለ እንቅልፉ ፈገግታም ያልከው ትክክል ነው፤ ጭብጡ ከ5 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይጠፋና በፈቃድ መያዝ ይተካዋል። ሰው አይቶ፣ ዐይን ለዐይን ተገጣጥሞ የሚመጣው ፈገግታ ግን ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት አካባቢ የሚጀምር ሌላ ነገር ነው፤ ያየው ሰው አይሳሳትበትም፤ ልጁ በአፉ ብቻ ሳይሆን በእግሩም በእጁም በሆዱም ይስቃል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ያሳከከውን ድድ የሚያሽበት የአልጋው እንጨት፣ የማንኪያው እጀታ፣ የገዛ ጣቱ እያለለት አፍንጫህን የመረጠው ለምን ይመስልሃል? ድዱ ያሳክከዋል፣ አንተንም ይወድሃል፤ ሁለቱ አብረው መሆን ይችላሉ።


ልብ እንበል (መቀሌ)

ይህንን እንደዚያ አላሰብኩትም ነበር። እናቱን ግን ነክሷት አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ እኔን ነበር። እናመሰግናለን፣ እህቴ።


የመንትዮች እናት (ሐዋሳ)

የእኔዎቹ መንታ ሴቶች ናቸው፣ 11 ወራቸው። አንዷ ስትስመኝ ሌላዋ በጥፊ ትመታኛለች፤ ጥፊው ግን የቁጣ አይደለም። እጇን ከፍታ ጉንጬን ጧ ታደርግና ድምፁን ሰምታ ትስቃለች፤ ከዚያ በዚያው እጇ የመታችውን ቦታ ትደባብሳለች። ጭኔ ላይ ለሁለት ስለማይበቃቸው አንዷ የሌላዋን እግር እየጎተተች ታወርዳታለች፤ የወረደችውም ወለሉ ላይ ሆና የእግሬን አውራ ጣት ይዛ ታለቅሳለች። አሁን ወለሉ ላይ መቀመጥ ጀምሬ ነገሩ ቀለል ብሎልኛል።

ነርሷ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ትንሿ ስትጠባ ትነክሰኛለች፤ ነክሳኝ ቀና ብላ እያየችኝ ትስቃለች። ይህም ፍቅር ነው ብዬ ልቀበል ወይስ ልቆጣት? ጡቴ ቆስሏል።


ሁለት ጥርስ (የሕፃናት ነርስ)

መቀበል የለብሽም፣ መቆጣትም የለብሽም። በሚገባ እየጠባች ያለች ልጅ ምላሷ የታች ድዷን ሸፍኖት ስለሚወጣ መንከስ አትችልም፤ የምትነክሰው ጠግባ ጨዋታ ስትጀምር ነው። ስለዚህ መዋጧን አቁማ ዐይኖቿ መዞር ሲጀምሩ ቀድመሽ አውጪያት። ከነከሰችሽ ጎትተሽ አታውጪ፤ ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አላቂያትና ረጋ ባለ ድምፅ «አይሆንም፣ ያማል» ብለሽ ጡቱን ሸፍኚው። በድንገት የጮኸችባቸውን እናታቸውን ፈርተው ጡት እንቢ ያሉ ልጆች አይቻለሁ። ሳቋ ደግሞ በአንቺ መጎዳት የመጣ አይደለም፤ ነክሳ ወዲያው ፊትሽ ሲለዋወጥ ስላየች ነው። የቆሰለው ካልደረቀልሽ ወይም ካተኮሰሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።


ሠራተኛ እናት (አዳማ)

ይህን የውይይት ክር ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ለመጻፍ ፈራሁ፤ ምክንያቱም የእኔ ልጅ እኔን ሲያይ አይስቅም፣ ያለቅሳል።

የ9 ወር ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሞግዚቱ ጋር ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ሲተኛ ይውላል፤ እየደወልኩ ስለምጠይቅ አውቃለሁ። እኔ ስገባ ግን አንድ ጊዜ ያየኛል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የተበደለ ይመስል እሪታውን ያቀልጠዋል። ሳነሳው ፊቱን ያዞርብኛል፤ ላስቀምጠው ስል ደግሞ በሁለት እጁ አንገቴን አንቆ አይለቀኝም። አንዲት ጎረቤቴ ይህን አይታ «ልጁ የሚያውቀው ሞግዚቷን ነው፣ አንቺን እንደ እንግዳ ነው የሚያይሽ» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ሥራዬን ልተወው ወይ ብዬ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። እናንተ የምትጽፉትን ሳነብ ልጄ የሚወደኝ ከሆነ በምን ልወቀው ብዬ ጠየቅኩ።


የሥነ ልቦና ተማሪ

እህቴ፣ አይዞሽ። እንግዳ ሰው አንገቱን አይታነቅም።

ስለዚህ ጉዳይ እጅግ ጠለቅ ያለ ሥራ ከሠሩት አንዷ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤይንስዎርዝ ናት፤ ሥራዋንም የጀመረችው ከእኛ ሩቅ በማይባል አገር፣ በኡጋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ የጋንዳ ሕዝብ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን በየሁለት ሳምንቱ እየሄደች፣ ከእናቶች ጋር እየተቀመጠች፣ 28 ሕፃናት ለእናታቸው የሚያደርጉትን ሁሉ ትመዘግብ ነበር። ከመዘገበችው ውስጥ ለእናት ብቻ የሚደረግ ፈገግታ አለ፣ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ «አንሺኝ» ማለት አለ፣ እናት ላይ መንጠላጠልና መውጣት አለ፣ ፊትን እናት ጭን ውስጥ ሽጉጥ ማድረግ አለ፤ እናት ተነሥታ ስትወጣ ማልቀስም አለ። ያንን ለቅሶ ከፈገግታው ነጥላ አላየችውም፤ ሁለቱንም ያስቀመጠቻቸው ልጁ ከእናቱ ጋር መተሳሰሩን በሚያሳዩት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው።

በዚያው ሥራ ውስጥ እኔን በጣም ያስደሰተኝ ሌላ ነገር አለ። የጋንዳ ሕፃናት እናታቸው ስትመለስ እያጨበጨቡ ይቀበሏት ነበር። መሳምና አንገት ማቀፍን ግን እዚያ አላየችም፤ እነዚህን ያየችው በምዕራባውያን ቤት ባደጉ ልጆች ዘንድ ነው። ማለትም መውደዱ በሁሉም ልጅ ዘንድ ያለ ሲሆን፣ የሚለብሰውን ልብስ የሚሰጠው ቤቱ ነው። የጎንደሩ ልጅ በጉርሻ መውደዱ፣ የአዲስ አበባዋ አፍንጫ መሳሟ ከዚህ ጋር አንድ ነው።

ኤይንስዎርዝ በኋላ በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ባደረገችው ጥናት እናት ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ ስትመለስ ልጁ የሚያደርገውን በጥንቃቄ ተመልክታለች። ትልቁን ቦታ የሰጠችው ልጁ እናቱ ስትወጣ ማልቀስ አለማልቀሱን ሳይሆን፣ ስትመለስ ወደ እርሷ መምጣቱንና በእቅፏ ውስጥ መጽናናቱን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ልጅሽ ካለቀሰ በኋላ በምን ያህል ጊዜ ይረጋጋል?


ሠራተኛ እናት (አዳማ)

ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ አቅፌው አልጋ ላይ ከተቀመጥኩ አምስት ደቂቃም አይሞላም። ከዚያ የቀሚሴን ቁልፍ እያሽከረከረ መዘመር ይጀምራል። ዘፈን ሳይሆን «እምምም» የሚል ረጅም ድምፅ ነው፤ እኔ አብሬው «እምምም» ካላልኩ ቀና ብሎ ያየኛል። አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት፦ ለሞግዚቱ ይህን ድምፅ አሰምቶ አያውቅም፤ ሳቅ ብላ «ለእኔ አይዘምርም» ብላኝ ነበር።


የሥነ ልቦና ተማሪ

እንግዲያውስ መልሱን አገኘሽ። ቀኑን ሙሉ የያዘውን ናፍቆት የሚያወርደው አንቺ ላይ ነው፤ ሞግዚቱንም መውደዱ ደስ ሊልሽ ይገባል፣ ምክንያቱም ከአንድ ሰው በላይ ማመን የቻለ ልጅ ነው። አባቱስ ሲገባ ምን ያደርጋል?


አያት (ደብረ ብርሃን)

ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እናንተ የምትሉትን ሁሉ አንብባልኛለች። የአዳማዋ ልጄ፣ እኔ አራት ወልጃለሁ፣ የልጅ ልጆችም አይቻለሁ፤ ልጅ ኩርፊያውን የሚያሳየው ለእናቱ ነው። ለሌላ ሰው አኩርፎ ምን ያገኛል? የጎረቤትሽን ነገር ተዪው።

የእኔን ላጫውታችሁ። ሦስተኛው ልጄ ከጀርባዬ ወርዶ አያውቅም ነበር። በአንቀልባ አዝዬው እንጀራ ስጋግር፣ ውኃ ስቀዳ፣ ገበያ ስወርድ፣ እሱ ነጠላዬን በድዱ ሲያላምጥ ይውላል፤ ማታ ስፈታው የነጠላዬ ጥለት ረጥቦ ይገኛል። እንዲተኛ «እሹሩሩ» እያልኩ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቂጡን ቸብ ቸብ አደርገዋለሁ። አንድ ቀን ዓመት ሳይሞላው፣ እኔ ቸብ ቸብ ሳደርገው እሱም በትንሿ መዳፉ ትከሻዬን ቸብ ቸብ ሲያደርገኝ ተሰማኝ። እጄን ሳቆም ያቆማል፣ ስጀምር ይጀምራል። በዚያ ሰሞን ወንድሜ ሞቶብኝ ኀዘን ላይ ነበርኩ፤ እያለቀስኩ ነበር የማዝለው። የሚያባብለኝ መሰለኝ፤ እስከ ዛሬም የሚያባብለኝ ነበር ብዬ ነው የማምነው፤ የተማራችሁት ሌላ ብትሉም አልቀየምም።

የዚህ ልጅ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሽማግሌ ፊት ልጅ ማቀፍ ያፍር ነበር፤ በዚያን ጊዜ በእኛ ቤት ደንቡ እንደዚያ ነበር። ልጁ ግን ደንብ አያውቅም። እንግዳ ተቀምጦ እያለ ዳዴ እያለ ሄዶ ጋቢው ውስጥ ይገባል፤ ጥቂት ቆይቶ አንዲት እጅ በጋቢው አፍ በኩል ወጥታ ጢሙን ጨብጣ ትይዛለች። አባትየው ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ወሬውን ይቀጥላል፤ ግን ጢሙን አስለቅቆ አያውቅም።


የበኩር አባት (ጎንደር)

እማማ፣ እድሜ ይስጥዎ። የጋቢውን ነገር ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ሁለታችንም ዐይናችን እንባ አቀረረ። የእኔም አባት እንደዚያው ነበሩ፤ አንድም ቀን ሲስሙኝ አላስታውስም፤ ጋቢያቸው ውስጥ ያለው የዕጣን ሽታ ግን ዛሬም ትዝ ይለኛል። ለካ ገብቼ ነበር ማለት ነው።


የሌሊት ሹፌር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ከባሕር ማዶ። እኔ የምሠራው ሌሊት ነው፤ ከቤት የምወጣው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሲሆን ሴት ልጄ 19 ወሯ ነው። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ ለሥራ ስነሣ የቀኝ እግር ጫማዬ እየጠፋ አስቸገረኝ። አንድ ቀን ከልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ አንድ ቀን ከሶፋው ሥር፣ አንድ ቀን ደግሞ ከምድጃው ሥር ካለው የመጥበሻ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ባለቤቴ አድብታ ስትከታተላት ልጅቷ ጃኬቴን ስለብስ ባየች ቁጥር ወደ በሩ ሄዳ አንዱን ጫማ በሁለት እጇ አቅፋ ትሸሻለች። ግራውን ነክታው አታውቅም። ምናልባት በአንድ ጫማ እንደማይወጣ ገብቷታል።

ልብ እንበል የተባልከው ወንድሜ ጫማ ማላመጥ ስለምትወድ ነው እንዳትለኝ አንድ ነገር ልጨምር። ዕረፍት በሆንኩበት ቀን ጫማው ከቦታው አይነቃነቅም። ባለፈው ሳምንት አሮጌውን ጫማ ለብሼ ወጣሁ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስመለስ ልጄ አልጋዋ ላይ የቀኝ ጫማዬን ደረቷ ላይ አቅፋ ተኝታ አገኘኋት። ጫማው ንጹሕ አልነበረም፤ ባለቤቴ ልትወስድባት ብትሞክር ስላለቀሰች በፎጣ ጠቅልላ መልሳ ሰጥታታለች። እኔ ከልጄ አጠገብ ወለሉ ላይ እስኪነጋ ተቀመጥኩ።


ልብ እንበል (መቀሌ)

ወንድሜ፣ አልልህም። ጫማውን ተውላት፤ ሌላ ግዛ።


ከሰው አገር (ዱባይ)

እኔ ልጄን በአካል ካየሁት ሰባት ወር አለፈኝ። ደሴ ከእናቴ ጋር ነው ያለው፤ አሁን 13 ወሩ ነው። የምደውለው ዐርብ ዐርብ፣ ዕረፍት በምሆንበት ቀን ነው። እናቴ ስልኩን ስትይዝለት ድምፄን ሲሰማ ይሮጣል፤ ገና ድክ ድክ እያለ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ይወድቃል። እንደ ደረሰ አፉን ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ይለጥፋል። ከዚህ በኩል የማየው ጨለማ፣ ጨለማው ውስጥ አራት ጥርስና ምላስ ብቻ ነው። እናቴ ስልኩን በነጠላዋ እየጠረገች ትመልሳለች፣ እሱ እንደገና ይስመኛል። ብስኩት ካለው ለእኔም ያጎርሰኛል፤ ብስኩቱ ስልኩ ላይ ይፈረፈራል።

እናንተ ልጆቻችሁ አፍንጫችሁን ሲነክሱ ታማርራላችሁ ማለቴ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው የማነበው። ሌሊት ሌሊት የማስበው ግን አንድ ነገር ነው፦ ልጄ የሚስመው እኔን ነው ወይስ ስልኩን? ተመልሼ ስመጣ ያውቀኛል?


የሥነ ልቦና ተማሪ

እህቴ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ንግግርሽን አቋርጠሽ ዝም ስትዪ ምን ያደርጋል?


ከሰው አገር (ዱባይ)

ስልኩን ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ከዚያ ከእናቴ ትከሻ ኋላ ያያል። አንድ ጊዜ ኔትወርክ ሲቋረጥ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ወደ ግቢው እንደወጣ እናቴ ነግራኛለች።


የሥነ ልቦና ተማሪ

ስልኩን የሚወድ ልጅ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፤ ከጀርባው ማንንም አይፈልግም። ልጅሽ በዚህ ዕድሜው ከዐይኑ የተሰወረ ነገር ሌላ ቦታ እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ ድምፁ የአንድ ሰው መሆኑን አውቆ ሰውዬዋን ነው የሚፈልገው።


ሁለት ጥርስ (የሕፃናት ነርስ)

እኔም አንድ የሚጠቅምሽን ልንገርሽ። ስትመለሺ የመጀመሪያው ቀን ምናልባት ይፈራሽ ይሆናል፤ አያቱ ጉያ ውስጥ ይሸሸግ ይሆናል። ይህ ሲሆን ልብሽ እንዳይሰበር፣ አሁኑኑ እወቂው። ሮጠሽ አትንጠቂው። እናትሽ እንዳቀፉት አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጪና በስልክ የምትዪውን ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ በዪው። ብስኩትም ያዢ። መጥቶ ካጎረሰሽ ነገሩ አለቀ። ለእናትሽም እስከዚያው ድረስ የለበስሽውን፣ ያልታጠበ ሻርፕ ላኪላቸው፤ ሽታሽ ከድምፅሽ ጋር አብሮ ይሁንለት።


አያት (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ ለአገርሽ ያብቃሽ። ልጅሽን የያዙት እናትሽ ስለሆኑ እርሳቸውን ሲያቅፍ አንቺንም እያቀፈ ነው፤ ሥጋሽ ናቸው። ስትመጪ እዚህ ጻፊልን፤ ይህች ልጅ ታነብልኛለች።


የሚጡ እናት (አዲስ አበባ)

ይህን ክር ስከፍት እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። የጻፋችሁትን ሁሉ በትልቅ ደብተር እየገለበጥኩ ነው፤ ስማችሁ ስለማይታወቅ «የጫማዋ ልጅ»፣ «የድንቹ ልጅ»፣ «የስልኩ ልጅ» እያልኩ ነው የምጽፋቸው። የዱባይዋ እህቴ፣ ያንቺን ገጽ ባዶ ቦታ ትቼበታለሁ፤ የሚቀጥለውን አንቺ ታጽፊኛለሽ።

የዛሬውን ልጻፍና ልተኛ። ማታ ዝናብ ጣለና ታክሲ አጥቼ ቤት የደረስኩት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጄ በሩን እያየች ቆይታ እንቅልፍ አሸንፏት ነበር። የአፍንጫዬ ነገር ለዛሬ ቀረብኝ ብዬ እየከፋኝ እጄንና ፊቴን ታጥቤ አጠገቧ ጋደም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ዐይኗን ሳትከፍት እጇ ተነሣ። መጀመሪያ ትራሱን ዳበሰች፣ ከዚያ ጆሮዬን፣ ከዚያ ጉንጬን አገኘች፤ ጆሮዬ ላይ ጥቂት ቆየችና ተወችው። በመጨረሻ አፍንጫዬን አገኘችውና በሙሉ መዳፏ ጨብጣ ይዛ፣ በረጅሙ ተንፍሳ መልሳ ተኛች። እስካሁን አልለቀቀችኝም፤ ይህን የምጽፍላችሁም በአንድ እጄ፣ በአፌ እየተነፈስኩ ነው።